ጉሮሮህን ጥረግ

ካሲሚር ኖቪኪ በሩን ሲከፍት ከንፈሩም፣ ጥርሱም፣ የነጭ ፂሙ ጫፍም ቀልቶ ነበር። ልጁ በርናዲን ከዳቦ ቤት የያዘችውን የወረቀት ከረጢት ደጃፉ ላይ ጣለችና አገጩን በሁለት እጇ ያዘችው። ደም የሚያቀጥን መድኃኒት የሚወስድ ሰው ከአፉ ሲደማ ምን መደረግ እንዳለበት የሚያስረዳ ወረቀት ከሆስፒታል ከተሰጣት ሁለት ዓመቷ ነው፤ የት እንዳስቀመጠችው ግን በዚያች ቅጽበት ትዝ ሊላት አልቻለም። «ልቀቂኝ እንጂ፣ ምን ሆነሻል! ቀይ ሥር ነው» አላት አባቷ አፉን በእጁ ጀርባ እየጠረገ። «ዴል የሚያስተዋውቀው ዱቄት። በጥብጬ እየጠጣሁ ነው ያንኳኳሽው።» በርናዲን አገጩን ለቀቀችው። ከረጢቱን ለማንሳት ጎንበስ ስትል ዳቦዎቹ ደረጃው ላይ ተንከባልለው ነበርና አንድ በአንድ እፍ እያለች መልሳ ከተተቻቸው፤ ከጎረቤት ግቢ ሣር ላይ የተተከሉት የምርጫ ምልክቶች በጥቅምቱ ነፋስ ሲንጣጡ ይሰማታል።

ወጥ ቤቱ እናቷ ከሞተች ወዲህ ያው ነው፤ ቢጫው የጠረጴዛ ልብስ፣ ማቀዝቀዣው ላይ የተቀመጠው ሬዲዮ፣ መስኮቱ ሥር አባቷ ለሠላሳ አራት ዓመት ከሠራበት የመስታወት ፋብሪካ ያመጣቸው እንደ ድንጋይ የከበዱ አረንጓዴ ስብርባሪዎች። አዲስ ነገር ቢኖር ጠረጴዛው ላይ የቆመችው የዱቄቱ ቀይ ቆርቆሮ ናት። ዋጋዋ ሠላሳ ዘጠኝ ዶላር ነው፤ በርናዲን ዋጋውን በቃሏ ታውቀዋለች፤ በቀን ስድስት ጊዜ ሲነገር ትሰማለች። ለዳቦው ሳህን ልታወጣ ቁም ሣጥኑን ስትከፍት ከጨው ዕቃው ጀርባ የመድኃኒቱን ብልቃጥ አየችው። አነሳችው። ማሸጊያው እንዳለ ነው።

«አባዬ፣ ይሄ ለምን አልተከፈተም?»

«ስላልከፈትኩት።»

«መቼ ነው ያቆምከው?»

«ሦስት ሳምንት ሆነኝ። ይኸው ቆሜያለሁ፤ ወደቅሁ?»

ስለ ስትሮክ ልትነግረው ጀመረች። ዶክተሩ እኮ ብሏል ስትል እጁን አነሳ። «የዶክተሩን ነገር ተዪኝ። እሱ ከኔ ጋር አልተነጋገረም» አለና ዳቦውን በቢላ ከፈለ። እውነቱን ነው። ከሦስት ሳምንት በፊት ክሊኒክ ውስጥ ያ ወጣት ሐኪም ዓይኑን ከኮምፒውተሩ ሳያነሳ ስለ ደም መርጋት ብዙ ነገር ተናግሮ ሲያበቃ፣ አባቷ አጠገቡ ኮፍያውን ጉልበቱ ላይ አድርጎ ተቀምጦ ሳለ፣ ወደ እሷ ዞሮ «ይገባቸዋል?» ብሎ ጠየቃት። እሷም «አዎ፣ ይገባዋል» ብላ መለሰች። አሁን ሲያንገበግባት የከረመው የሐኪሙ ጥያቄ አይደለም፤ የራሷ መልስ ነው። «ራሳቸውን ጠይቃቸው» ለማለት ሁለት ቃል ይበቃት ነበር። ቤት እስኪደርሱ መኪናው ውስጥ የሰማችው የራሷን ድምፅ ብቻ ነበር፣ ስለ አየሩ፣ ስለ መንገድ ጥገናው። ያን ቀን ማታ ይሆናል ያቆመው።

«ዴል ያለውን ደግሞ አንቺም ሰምተሻል» አላት እያኘከ። «እዚያው ቁጭ ብለሽ። ሐኪሞቹ ራሳቸው የማይውጡትን ነው የሚያስውጡን።» ሰምታለች። ዴል ቮስ ከሰኞ እስከ ዓርብ፣ ከጠዋቱ አራት እስከ ሰባት ሰዓት በሬዲዮ ሲናገር ከስቱዲዮው መስታወት ወዲህ ተቀምጣ የደዋዮችን ስልክ የምታነሳ እሷ ናት፤ ዘጠኝ ዓመቷ። ለአባቷ ልትነግረው የምትችል አንዲት ዓረፍተ ነገር አለቻት። ምላሷ ጫፍ ላይ ደረሰች፤ ዋጠቻት። አንደኛ እንጀራዋ ነው። ሁለተኛ ደግሞ ዴል አምኗት ነው ለግል ጉዳዩ የሚልካት። ኮቷን ለብሳ ወጣች፤ ብልቃጡን ግን ከጨው ዕቃው ጀርባ ሳይሆን ቢጫው የጠረጴዛ ልብስ መሃል ላይ ትታው ነበር።

ጣቢያው ወንዙን ከሚያይ ሕንፃ አምስተኛ ፎቅ ላይ ነው። የመኪና ማቆሚያው ከባለፈው ሳምንት ጀምሮ ስምንት ዶላር ገብቷል፤ ጠባቂው በዚህ ጉዳይ የሁሉንም ሹፌር ስድብ እየተቀበለ ቲኬት ይቆርጣል። በርናዲን የአሳንሰሩን ቁልፍ ሦስቴ ተጫነችው። ወንበሯ ላይ ተቀምጣም እግሯ ጠረጴዛው ሥር አላርፍ አለ። ፊት ለፊቷ አሥራ ሁለት መስመሮች ያሉት ስልክ አለ፤ ደዋዩ ማን እንደሆነና ምን ማለት እንደፈለገ በአጭሩ ስትጽፍ ጽሑፉ ዴል ፊት ባለው ስክሪን ላይ ይወጣል። ግድግዳው ላይ የፕሮግራሙ ኃላፊ ትሪሽ በትልልቅ ፊደል የለጠፈችው ወረቀት «የተናደደ ይቅደም፤ የሚያስቅ ይከተል፤ የሚያብራራ ይጠብቅ» ይላል። መጀመሪያ የተለጠፈ ሰሞን ሁሉም ስቆበታል። አሁን የሚያነበው የለም፤ ሁሉም ግን በልቡ ያውቀዋል።

ዴል ቮስ መጥፎ ሰው ቢሆን ኖሮ ነገሩ ይቀልላት ነበር። እናቷ የሞተች ጊዜ አበባ የላከ፣ ቀብር ላይም ከኋላ ቆሞ የታየ እሱ ነው። የሚያየው ሰው በሌለበት ስቱዲዮ የገበሬ ኮፍያና የሥራ ቦት ጫማ አድርጎ ይገባል፤ ይህን ካላደረገ ድምፁ አይመጣለትም። በወጣትነቱ ምሥራቅ ካሉት ውድ ዩኒቨርሲቲዎች በአንዱ ስድስት ዓመት ሙሉ የጥንት ግሪክኛ ማጥናቱን ከእሷና ከትሪሽ በቀር የሚያውቅ የለም። ማስታወቂያ ሲገባ ከመሳቢያው ትንሽ መጽሐፍ አውጥቶ ያነባል፤ እንግዳ ሲመጣ መሳቢያውን በጉልበቱ ይዘጋዋል። በየወሩ መጀመሪያ ሰኞ ደግሞ በርናዲንን ከጣቢያው አጠገብ ወዳለው ፋርማሲ ይልካታል፤ ተሰልፎ መታየት አይፈልግም። ልቡ ምቱን እየሳተ የሚዘል ልብ ነው፣ እንደ አባቷ ልብ። ብልቃጡ ላይ ያለው የመድኃኒቱ ስም ከአባቷ ብልቃጥ ጋር አንድ ነው። የኪኒኑ ቀለም ሳይቀር አንድ ነው።

የዚያ ቀን ጨዋታ የትናንት ማታው የእጩዎች ክርክር ነበር። ለክፍለ ግዛቱ ምክር ቤት ከሚወዳደሩት አንዷ የሐይቁን ውሃ ሃያ ዓመት ያጠናች ተመራማሪ ናት፤ ሌላው በሦስት ቅርንጫፍ ምንጣፍ የሚሸጥ ነጋዴ። የቧንቧው ውሃ ለልጆች ደህና ነው ወይ ተብለው ተጠየቁ። ሴትዮዋ «እስካሁን በእጃችን ያለው መረጃ የሚያሳየው፣ በበጋ ወራት ካልሆነ በስተቀር…» ስትል፣ ነጋዴው አቋርጦ «ውሃ ውሃ ነው! ጠጥቼው አድጌ ይኸው ይህን የሚያህል ሰው ወጣኝ» ብሎ ሆዱን መታ፤ አዳራሹ በጭብጨባ ተናጋ። ዴል «እስካሁን በእጃችን ያለው መረጃ» የምትለዋን አስቆርጦ በየአሥር ደቂቃው ያስደምጣታል፤ ከኋላዋ የፍየል ድምፅ ያስገባባታል። ደዋዮቹ ከፍየሏ ጋር እኩል ይስቃሉ። በሁለተኛው መስመር የውሃ ማጣሪያ ጣቢያው ሠራተኛ ነኝ ያለች ሴት ነበረች፤ እጩዋ ልክ ናት፣ በምን ምክንያት ልክ እንደሆነች በሁለት ደቂቃ ላስረዳ አለች። በርናዲን «ይጠብቁ፣ እመቤት» አለቻት። ሴትዮዋ አርባ ደቂቃ ጠበቀች። መብራቷ ሲጠፋ በርናዲን ቀና ብላም አላየችው፤ እንዲህ ያለ መብራት በየቀኑ ይጠፋል።

አምስት ሰዓት ተኩል ሲሆን አራተኛው መስመር በራ። አነሳችና የጣቢያውን ስም ጠርታ ሰላምታ ሰጠች።

«በርኒ፣ እኔ ነኝ። እንዳትዘጊው።»

በዘጠኝ ዓመት ውስጥ ደውሎ አያውቅም። ልጁ እዚያ የምትሠራ ሰው ቢደውል በዝምድና ገባ ይሉኛል እያለ ይሸሸው ነበር። አሁን ድምፁ ለቤተ ክርስቲያን ልብሱን የለበሰ ሰው ድምፅ ነው። «ለዴል የምነግረው አለኝ። ስለ መድኃኒቱ» አላት።

«አባዬ፣ አይሆንም። ማታ እመጣለሁ፣ ቁጭ ብለን…»

«እዚያም አንቺ ነሽ የምትወስኚልኝ?» አላት፤ አልጮኸም። «ይገባዋል ወይ ብለሽ ትጠይቂልኛለሽ?»

ጣቷ ቁልፉ ላይ ቆመ። ዴል ከመስታወቱ ማዶ ቀጣዩን ደዋይ አምጪ እያለ በእጁ ምልክት እየሰጣት ነበር። ስሙን ጻፈች፤ ካሲሚር፣ ሰባ ዘጠኝ ዓመት፣ ከምሥራቁ ሠፈር። መስመሩን ሰጠችው። ከዚያ እጇ የራሷ እንዳልሆነ ሁሉ ከሥሩ መጻፏን ቀጠለች፦ «አባቴ ነው። ልቡ እንዳንተ ልብ ነው፤ መድኃኒቱም ያንተው ነው። ጥሎታል። ካንተ በቀር ማንንም አይሰማም። እንዲውጥ ንገረው።»

«አባባ ካሲሚር! ምሥራቁ ሠፈር እንዴት ነው?» አለ ዴል በትልቁ ድምፁ፤ ገና ስክሪኑን አላየም ነበር።

«ደህና ነው፣ ዴል። ሠላሳ አራት ዓመት የመስታወት ምድጃ ፊት ቆሜያለሁ። ብርጭቆ ነገር ሲቀልጥ ሙቀቱን በቀለሙ ነው የምናየው፤ ኢንጂነሮቹ ማሽናቸውን አምነው አንድ ሺህ አምስት መቶ ነው ሲሉኝ እኔ አይደለም እላቸው ነበር፣ እኔ ነበርኩ ልክ። እና አሁን አንድ ፍሬ ልጅ የማይገባኝ አድርጎ አየኝ። ያዘዘልኝን አንተም እንዳልከው አጣርቻለሁ፤ የአይጥ መርዝ ነው። ጣልኩት! ቀይ ሥርህን እየጠጣሁ ነው። ደረጃ ስወጣ ልጄ ናት የምታለከልከው።»

ዴል ሊስቅ አፉን ከፈተ። ያን ጊዜ ስክሪኑን አነበበ። በርናዲን ደሙ ከፊቱ ሲሸሽ አየች። ሬዲዮ ላይ የሦስት ሰከንድ ዝምታ ረጅም ነው፤ ቴክኒሻኑ ከወንበሩ ብድግ አለ። ዴል ወደ መስታወቱ ቀና አለ፤ ተያዩ። «አባባ ካሲሚር» አለ በመጨረሻ፣ ቀስ ብሎ፣ ማንም ሰምቶት በማያውቀው ድምፅ፣ ምናልባት በእውነተኛው ድምፁ፤ «እኔ ሐኪም አይደለሁም። እንዲህ ያለውን መድኃኒት ሰው በራሱ አያቆምም። ዛሬውኑ ሐኪምዎ ጋ ይደውሉ። እባክዎን።»

ከወዲያኛው ጫፍ የወጥ ቤቱ ማቀዝቀዣ ሲያጉረመርም ይሰማ ነበር። «ዴል» አለ አባቷ፣ ድምፁን ዝቅ አድርጎ፣ እንደሚያባብል፤ «አጠገብህ ሰው አለ?»

«ምን አሉኝ?»

«የሚያስገድድህ ሰው ካለ መልስ አትስጠኝ። አንዴ ጉሮሮህን ጥረግ ብቻ።»

ዴል በቀን አንድ ፓኮ ሲጋራ የሚያጨስ ሰው ነው፤ አፉ ደግሞ ደርቋል። ሊመልስ ሲል ጉሮሮው ያዘውና ጠረገው።

«በቃ፣ ገብቶኛል» አለ ካሲሚር፣ ስልኩንም ዘጋ።

አሥራ ሁለቱም መስመሮች ባንድ ጊዜ በሩ። በርናዲን እንዲህ ሲሆን አይታ አታውቅም። ማን ነው ዴልን የያዘው? መድኃኒት ፋብሪካዎቹ ናቸው ወይ? መንግሥት ነው? እናንተ ልጆች፣ በሩን ቆልፉት፣ እኛ እየመጣን ነው። አንዲት አሮጊት እያለቀሰች ለዴል እንድትጸልይለት ሙሉ ስሙን ጠየቀቻት። ማስታወቂያ ገባ፤ ዴል የመስታወቱን በር ከፍቶ ቆመ፣ ኮፍያው በእጁ ነበር። «በርኒ፣ ምን አደረግሽኝ?» አላት።

«አባቴ ነው።»

«እሱስ ገብቶኛል። ‹መድኃኒቱም ያንተው ነው› ያልሽው ግን… ማስፈራሪያሽ ነው?»

አላሰበችበትም ነበር። አሁን ስታስበው ሊሆንም ይችላል። «አላውቅም» አለችው እውነቷን። ዴል ራሱን ነቀነቀ፤ «ያልኩትን ደግሜ እለዋለሁ። ስንመለስ በግልጽ እለዋለሁ» አለ፣ ለእሷ ሳይሆን ለራሱ። ይህን ሲል ትሪሽ ጫማዋን እያንኳኳች ደረሰች፤ ስልኳን ከፍ አድርጋ ይዛለች፤ ከተማው ሁሉ ስለ ጉሮሮ መጥረጉ እያወራ ነው። «ምንም እንዳታብራራ!» አለችው። «ምንም እንዳትክድ፣ ምንም እንዳታምን። ዝም በል ብቻ። ዝም ማለት ደግሞ ውሸት አይደለም።» ዴል ኮፍያውን አየው፣ አደረገውና ገባ። ማይክሮፎኑ ሲከፈት ወደ በርናዲን አላየም። «ወገኖቼ» አለ በትልቁ ድምፁ፤ «በዚህ ማይክሮፎን ልናገረው የማልችለው ነገር አለ። ይህን ብቻ እወቁልኝ።» አንዲት ቃል እንኳ አልዋሸም።

ከዚያ በኋላ ያለውን አንድ ሰዓት ተኩል በርናዲን እንደ ማሽን ሠራችው። የተናደደውን አስቀደመች። ከተመራማሪዋ እጩ ሰዎች በስተቀር ይህን ማን ያደርገዋል ያለውን ሰውዬ ራሷ ናት ያስገባችው። ለሰባት ሰዓት ሩብ ጉዳይ ሲሆን ምንጣፍ ነጋዴው በራሱ ስልክ ደውሎ «ዴልን የነካ እኔን ነካ» ሲል ቁልፉን የተጫነችው ጣት የእሷ ነበረች። ፕሮግራሙ ሲያልቅ ትሪሽ አቀፈቻት። «የዓመቱ ምርጥ ሰዓት! እኚህን አባትሽን በየሳምንቱ ብናወጣቸውስ? ድምፃቸው እኮ ወርቅ ነው።» በርናዲን የጆሮ ማዳመጫውን አውልቃ ገመዱን ጠቀለለች፣ ኮቷን አንድ እጅ ብቻ አስገብታ ወጣች። አሳንሰሩ ውስጥ ሌላኛውን እጅጌ አጣችው፤ አራተኛ ፎቅ፣ ሦስተኛ ፎቅ እያለ ሲወርድ ከኮቷ ጋር ስትታገል መሬት ደረሰች።

አባቷ በረንዳው ላይ ነበር፤ ጥቁሩን ጃኬት ለብሷል፣ ፀጉሩን በውሃ አበጥሯል። ከእናቷ ሞት ወዲህ እንዲህ ሲያበራ አላየችውም። «ሰማሽ?» አላት መኪናውን ሳታጠፋው። «ሰው ደወለልኝ እኮ፣ ከፋብሪካ የማውቃቸው፣ የሞቱ የመሰሉኝ ሰዎች ሳይቀሩ! በድምፁ ነው ያወቅኩት። ሌላ ሰው የጻፈለትን ነው ያነበበው፤ የሱ አነጋገር አይደለም። ማንም አላወቀም፣ እኔ ነኝ ያወቅኩት።»

ወጥ ቤት ገቡ። ሬዲዮው እንደተከፈተ ነው፤ ዘጋችው። እንዲቀመጥ ለመነችው፤ አልተቀመጠም። «ልክ ነህ» አለችው። «ሰው ጽፎለት ነው። የጻፍኩት እኔ ነኝ።»

የሚያደርገውን ነገር እንደረሳ ሰው ቆሞ ቀረ። ፈገግታው ፊቱ ላይ ትንሽ ቆየ፤ የሚሄድበት አጥቶ። ከዚያ ሁሉንም ነገረችው፤ የወሩን መጀመሪያ ሰኞ፣ ብልቃጡን፣ የኪኒኑን ቀለም። ውሸት ነው ይላል ብላ ጠብቃ ነበር፤ አላለም። ወንበር ስቦ ተቀመጠ። ውጭ የቆሻሻ መኪናው እየጮኸ ወደ ኋላ ሲሄድ የጎረቤት ውሻ መለሰለት።

«ራሱ ይውጠዋል» አለ በመጨረሻ። «ታዲያ ለኔ ለምን ሌላ ይነግረኛል?»

«ስለምታዳምጠው መሰለኝ።»

«መስመሩ ላይ ስጠብቅ… ሳቃችሁብኝ?»

«ማንም አልሳቀብህም፣ አባዬ።»

ዓይኗን አየ፣ እንደ ድሮው፣ ትንሽ ልጅ ሳለች ጣፋጭ ሰርቃ ስትክድ እንደሚያያት። ከዚያ ጠረጴዛው መሃል የተቀመጠውን ብልቃጥ በጣቱ ገፋ አደረገው። «እሺ። የአይጥ መርዝ ነው ወይስ አይደለም? አዎ ወይ አይደለም በይኝ።»

በርናዲን ከዚህ በፊት ሐኪሙን በስልክ ጠይቃው ነበር፤ የኢንተርኔት ወሬ አይስሙ ነው ያላት። «አላውቅም» አለች።

«ሁለት ዓመት ሙሉ የማታውቂውን ነገር አቀበልሽኝ?»

ቁጣ አልነበረበትም፤ ገርሞት ነው የጠየቃት፤ እሷም ገረማት። ብልቃጡን ጃኬት ኪሱ ከተተና ኮፍያውን አነሳ። «መድኃኒቱን የሚሸጥ ሰው የሚሸጠውን ማወቅ አለበት። ንጂኝ» አላት።

ፋርማሲው ሦስት መንገድ አልፎ ነው፤ ከልብስ ንጽሕና መስጫው አጠገብ። ሳልዋ ኩሪ አባቷ ከሊባኖስ መጥቶ የከፈተውን ሱቅ ወርሳ፣ ሠላሳ ዓመት ከዚያ ጠረጴዛ ኋላ የቆመች ሴት ናት፤ መነጽሯ በገመድ አንገቷ ላይ ተንጠልጥሏል። አራት ሰው ተሰልፏል። ካሲሚር ተራውን ጠበቀ፤ ልጁን በክንዱ ወደ ኋላ ገፋ አደረጋት። ሲደርስ ኮፍያውን አወለቀና ብልቃጡን ጠረጴዛው ላይ አኖረ። «እመቤቴ፣ አንድ ነገር ልጠይቅዎት ነው፤ ዙሪያ ጥምጥም አልፈልግም። ይሄ የአይጥ መርዝ ነው?»

ሳልዋ መነጽሯን አድርጋ ብልቃጡን አነበበች።

«አዎ» አለች።

በርናዲን ክው አለች።

«ለአይጥ ይሰጡት ነበር፣ ብዙ አድርገው። አይጧ ደሟ አልረጋ እያላት ትሞታለች። ለእርስዎ የሚሰጠው በጣም ጥቂት ነው፤ ጥቂቱም ቢሆን እንዳይበዛ ነው ደምዎን በየጊዜው የሚለኩት። መርዝ ባይሆን ኖሮ ማን ይለካው ነበር?»

ካሲሚር አያት። ትከሻው መንቀጥቀጥ ጀመረ፤ በርናዲን ሊያለቅስ ነው ብላ እጇን ዘረጋች። እየሳቀ ነበር። «አዎ አለችኝ!» አለ ወደ ሰልፉ ዞሮ። «አንድ ሰው እንኳ አዎ ሊለኝ አልቻለም እኮ!» ከዚያ ኮፍያውን ጠረጴዛው ላይ አስቀምጦ ይጠይቅ ጀመር። ደሙ ለምን ይረጋል? የት ነው የሚረጋው? ሳልዋ ከኋላው ላሉት ይቅርታ ጠይቃ፣ ልብ ምቱን ሲስት ደሙ አንዲት ጥግ ላይ ቆሞ እንደሚቀር ነገረችው። ሲሰማ ቆይቶ «እንደ ምድጃው ጥግ ነዋ» አለ ቀስ ብሎ። «የቀለጠ መስታወት ካልተንቀሳቀሰ ጥጉ ላይ ይጠጥራል። ያቺ ጠጠር ተነቅላ መሃል ከገባች ሙሉ ሥራውን ታበላሻለች።»

«እንደዚያ ነው» አለች ሳልዋ። «ሌላ ምን ይወስዳሉ?»

«ቀይ ሥር።»

«እሱ አይጎዳዎትም፤ የዚህን ሥራ ግን አይሠራም። ሽንትዎ ቀልቶ ካዩ አይደንግጡ።»

ካሲሚር ፊቱ ከከንፈሩ በላይ ቀላ። በርናዲን ያን ጊዜ ነው የገባት፤ ይህ ሰው ሦስት ሳምንት ሙሉ ሽንት ቤት ገብቶ ብቻውን ሲደነግጥ ከርሟል፤ የሚጠይቀው ሰው አጥቶ። ከኋላቸው የቆመው ሰውዬ ሰዓቱን አይቶ በረጅሙ ተነፈሰ። ሳልዋ መድኃኒቱን ዛሬ በራሱ እንዳይጀምር፣ ነገ ጠዋት መጀመሪያ ደሙን እንዲያስለካ፣ አፉ ከተጣመመ ወይም እጁ ከዛለ ግን ነገን ሳይጠብቅ አምቡላንስ እንዲጠራ ነገረችው፤ ለዚያ ወጣት ሐኪም አሁኑኑ እደውላለሁ አለች፤ አንድ ቁራጭ ወረቀትም ሰጠችው። «ጥያቄዎችዎን እዚህ ላይ ይጻፉና ይዘው ይግቡ። ሳይመልስ እንዳይወጡ።»

መኪናው ውስጥ ገቡ። የበርናዲን ስልክ ቦርሳዋ ውስጥ ሦስቴ ተንጫረረ፤ ትሪሽ ትሆናለች፣ ወይም ዴል። አላወጣችውም። ነገ አራት ሰዓት ላይ ያን ወንበር ልትቀመጥበት አትፈልግም፤ ባትሄድ ደግሞ ምን ትበላለች? አባቷ ወረቀቱን ጉልበቱ ላይ ዘርግቶ ከጃኬቱ ባወጣት አጭር እርሳስ ይጽፋል፤ መንገዱ ጎርበጥ ባለ ቁጥር እርሳሷን ያነሳና ሲስተካከል ይቀጥላል። ቤቱ ደጃፍ ስትቆም የወረቀቱ አንዱ ገጽ ሞልቶ ገልብጦት ነበር።

«እሄዳለሁ አላልኩም» አላት የመኪናውን ቀበቶ እየፈታ።

«አላልክም።»

በሩን ከፍቶ አንድ እግሩን አወጣ። እዚያው ቆየ።

«ክሊኒኩን ስንት ሰዓት ነው የሚከፍቱት?»

«አንድ ሰዓት ተኩል።»

«አንድ ሰዓት ላይ ነዪ» አላት። «አንቺ ግን ውጭ ነው የምትቆዪው።»